ዜና አይተን ሼር የማናደርገው ለምንድን ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ነገሩ የተጀመረው ምሳ ላይ ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ስልኳን አሳየችኝ። ፌስቡኳ ላይ ያለው የልደት ፎቶ፣ የቡና ስኒና «እንኳን አደረሳችሁ» ብቻ ነው። ኢንቦክሷን ስትከፍተው ግን ዜናው ተግተልትሏል። ነዳጅ፣ ኮንዶሚኒየም፣ የዶላር ምንዛሪ፣ የየክልሉ ነገር። «እዚህ ሁሉን እናወራለን፣ እዚያ ግን አንድም አልለጥፍም። ፈሪ ሆኜ ነው እንዴ?» አለችኝ። በቅጡ ሳልመልስላት ምሳ ሰዓቱ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ ጥያቄ ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። የምችለውን ያህል እዚህ እመልሳለሁ።

ሰው እውነት ከዜና እየራቀ ነው ወይስ ለእኔ ነው የሚመስለኝ?

ለአንተ ብቻ አይደለም። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያለው የሮይተርስ ኢንስቲትዩት በየዓመቱ በብዙ አገሮች የዜና ተጠቃሚዎችን ይጠይቃል። በ2017 እ.ኤ.አ. «አንዳንድ ጊዜ ወይም ብዙ ጊዜ ዜና እሸሻለሁ» ያሉት 29 በመቶ ነበሩ። በ2025 40 በመቶ ደረሱ። ምክንያታቸው የታወቀ ነው። ዜናው ስሜት ያበላሻል፣ ይበዛል፣ ጦርነቱ አያልቅም።

ግን ዜና መሸሽና ዜና አለማጋራት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ያቺ ባልደረባዬ ከዜና አልሸሸችም። ከእኔ በላይ ትከታተላለች። የተወችው በስሟ መለጠፉን ነው። ከዚህ በታች የማወራውም ስለ እሷ ዓይነቱ ሰው ነው።

ታዲያ ዜናው የት ገባ?

ጓዳ ገባ። የቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ፣ የአብሮ አደጎች ግሩፕ፣ የዕድር ግሩፕ፣ የድምፅ መልእክት። ውጭ ያለው ወገን ደግሞ ዋትስአፕ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ሊንኩ እንኳ አይላክም። ስክሪንሾት ተነሥቶ፣ ከላይ የለጠፈው ሰው ስም ተቆርጦ ይላካል። ቴሌግራም ራሱ መልእክት ስታስተላልፍ የመጀመሪያውን ላኪ ስም የሚደብቅ ምርጫ አለው። ሥራ ላይ መዋሉን ለማየት የአንዱን ግሩፕ የአንድ ቀን ወሬ ማየት ይበቃል።

«ከየት አመጣኸው?» ብለህ ብትጠይቅ መልሱ አንድ ነው፤ «ተልኮልኝ ነው።»

ማን እንደላከው የለም። ዝም ብሎ ተልኳል።

አንድ ሊንክ ሼር ማድረግ ምኑ ነው የሚያስፈራው? እኔ አልጻፍኩት!

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው፤ ትንሽ ታገሱኝ።

አማርኛ «አሉ» የምትባል ታላቅ ቃል አለችው። «ነዳጅ ሊጨምር ነው አሉ።» «እዚያ ሰፈር ቤት ሊፈርስ ነው አሉ።» በዚች ቃል ወሬውን ታቀብላለህ እንጂ አትሸከመውም። እውነት ከሆነ አስቀድመህ ተናግረሃል። ውሸት ከሆነም ያሉት እነሱ ናቸው። ሰሚውም ይህን ያውቃል፤ በዚያው ልክ ይመዝነዋል። ሰው ለሰው ወሬ ሲያቀብል የኖረው እንደዚህ ነው።

ሼር የሚለው ቁልፍ ግን «አሉ» የለውም። ስትነካው ፎቶህና ስምህ ከዜናው በላይ ይቀመጣሉ። አጎትህ፣ የድሮ አስተማሪህ፣ አለቃህ፣ የሚስትህ ወንድም፣ አሥር ዓመት ያላየኸው የክፍል ጓደኛህ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያዩታል። ቡና ላይ ብትሆን ለአጎትህ አንድ ዓይነት፣ ለጓደኛህ ሌላ ዓይነት አድርገህ ነበር የምትነግራቸው። እዚህ ሁሉም አንድ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ፤ «ይሄን ለምን አጋራ?»

እኛ አገር ደግሞ ጥያቄው እዚያ አያቆምም። «የማን ወገን ነው?» ይከተላል። የአንዱን አካባቢ ሞት ካጋራህ «የዚያኛውስ ሲሞት የት ነበርክ?» ትባላለህ። የመንግሥት ሚዲያ ዜና ካጋራህ ካድሬ ነህ። ውጭ ያለ የዩቲዩብ ቻናል ካጋራህ ደግሞ ሌላ ስም ይወጣልሃል። ስምህን ብቻ አይቶ ብሔርህን የሚገምት፣ በግምቱም የሚሰድብህ ሰው አይጠፋም። የኮመንቱ ጦርነት ዜናው ላይ ሳይሆን አንተ ላይ ነው። ከዚያ አንዱ ስክሪንሾት ያነሣሃል። አንተ ብታጠፋውም እሱ ጋ አለ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ?

ስለዚህ ሰው «ጎመን በጤና» ይላል። አልፈርድበትም።

ነገሩ የኛ ብቻም አይደለም። ጀርመናዊቷ ኤሊዛቤት ኖኤል-ኖይማን በ1974 እ.ኤ.አ. ያቀረበችው ሐሳብ አለ። ሰው አስተያየቱ ብቻውን የሚያስቀረው ከመሰለው ዝም ይላል። እሱ ዝም ሲል ሌላው ደግሞ «ብቻዬን ነኝ» ብሎ ዝም ይላል፤ ዝምታው እየከበደ ይሄዳል። አሜሪካ ውስጥ ፒው የተባለው የጥናት ተቋም በ2014 እ.ኤ.አ. ይህንኑ በማኅበራዊ ሚዲያ ሞከረው። የጠየቀው ኤድዋርድ ስኖደን ስላጋለጠው የመንግሥት ስለላ ነበር። ፊት ለፊት ለመወያየት ፈቃደኛ የሆኑት 86 በመቶ ናቸው። ፌስቡክ ወይም ትዊተር ላይ ግን 42 በመቶ። የዘር ፖለቲካም፣ የይሉኝታ ባህልም የኛን ያህል በሌለበት አገር ነው እንግዲህ ግማሹ የቀረው።

አጋነንክ። ፌስቡክ ላይ በተጻፈ ነገር ሰው ምን ይሆናል?

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተገደሉ። ከዚያ በፊት ስማቸውንና ፎቷቸውን ይዘው የሚወነጅሏቸው ጽሑፎች ፌስቡክ ላይ ሲዘዋወሩ ነበር። ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሡ አመልክቶ እንደነበር ይናገራል። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ኬንያ ውስጥ ከሰሰ። ናይሮቢ ያለው ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2017 ዓ.ም. ጉዳዩን ማየት እንደሚችል ወሰነ።

እሳቸው ምንም አላጋሩም። ሌሎች ናቸው የተቀባበሉት። ይህን የሰማ ሰው ቁልፉን ሊነካ ሲል እጁ ቢይዘው ምን ይገርማል?

ሼር በማድረጌ ልከሰስ እችላለሁ?

ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆንክ ማወቅ ያለብህ የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ነው። ብዙ ሰው ስሙን እንጂ ውስጡን አያውቀውም። ውስጡ በአጭሩ ይህን ይመስላል።

ሐሰተኛ መረጃ የሚባለው ማንኛውም ስሕተት አይደለም። መረጃው ሐሰት መሆን አለበት፤ ያሰራጨው ሰውም ሐሰትነቱን የሚያውቅ ወይም ማወቅ የነበረበት መሆን አለበት። በዚያ ላይ ሁከት ወይም ግጭት የማስነሣት ዕድሉ ከፍ ያለ መሆን አለበት። ቅጣቱ እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር ነው። ለጥላቻ ንግግር እስከ 2 ዓመት ወይም እስከ 100,000 ብር። ድርጊቱ የተፈጸመው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከሆነ እስራቱ እስከ 3 ዓመት ይደርሳል። ፌስቡክ በአንድ አካውንት የሚፈቅደው የጓደኛ ብዛትም 5,000 መሆኑ ይገርመኛል። «ጓደኛ ሞልቶብኛል» የሚሉ ሰዎች ይህን ቁጥር ልብ ይበሉ።

አዋጁ መውጫ በሮችም አሉት። ተናጋሪው መረጃው እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ በቦታው ሁኔታ የሚጠበቅበትን ጥረት ካደረገ ጥፋተኛ አይሆንም። የፖለቲካ አስተያየትና ትችትም የተለየ ቦታ አለው።

ወረቀቱ ይህን ይላል። ኑሮው ግን ሌላ ነው። ጋዜጠኞችና ፌስቡክ ላይ የጻፉ ሰዎች ታሰሩ ሲባል በየጊዜው ይሰማል። ተራው ሰው አንቀጽ አይቆጥርም። «በኋላ ቢፈቱኝስ፣ እስከዚያ ቤቴን ማን ያስተዳድራል?» ነው የሚለው። ከአዋጁ ይልቅ ይህ ጥያቄ ብዙ ሰው ዝም አሰኝቷል።

ላይክስ?

በዚሁ አዋጅ ላይክ ማድረግና ታግ ማድረግ «ማሰራጨት» ውስጥ አይቆጠሩም። የፍርድ ቤቱ ነገር ይህ ነው። የዘመድ አዝማዱ ፍርድ ቤት ግን ላይክንም ይቆጥራል።

የምኖረው ዓረብ አገር ነው። የአገሬን ዜና ባጋራ ምን ይመጣብኛል?

የምትኖሪበት አገር ሕግ አንቺንም ይይዝሻል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የ2021 እ.ኤ.አ. የወሬና የሳይበር ወንጀል ሕግ ለሐሰተኛ ዜና ከ1 ዓመት የማያንስ እስራትና ከ100,000 ድርሃም የማያንስ ቅጣት ያስቀምጣል። በወረርሽኝ ወይም በቀውስ ጊዜ ሁለቱም እጥፍ ይሆናሉ። ሳዑዲ ዓረቢያም የሕዝብን ሰላም ይነካል ለተባለ ጽሑፍ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 3 ሚሊዮን ሪያል የሚያስቀጣ ሕግ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አላት። በምትኖሪበት አገር የሆነውን ነገር በቪዲዮ ቀርጾ መልቀቅማ ጨርሶ አይሞከር። መኖሪያ ፈቃድሽ በአሠሪሽ እጅ ሆኖ ጀግና መሆን አያዋጣም። ቤተሰብ የሚጠብቅ ሰው ዝም ቢል ማንም ሊታዘበው አይገባም።

ውሸት ዜና አጋርቼ ተዋርጃለሁ። ከዚያ ወዲህ ለመለጠፍ እጄ አልፈታልኝ አለ። ምን ይሻለኛል?

እንኳን ደህና መጣህ፣ ማኅበርተኛ ነን።

እኔ ያጋራሁት ስለ ተዘጋ መንገድ ነበር። «ወደ ደብረ ብርሃን የሚወስደው መንገድ ተዘግቷል፣ ተጠንቀቁ» ይላል። ቀኑ የዚያን ዕለት ነው፣ ወሩም ልክ ነው። ቶሎ ብዬ ለቀቅኩት። ጋሼ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ በማግሥቱ ለተስካር ሊሄዱ ተዘጋጅተው ነበር። የእኔን ፖስት አይተው ቀሩ። ማታ ላይ አንዱ ኮመንት ላይ «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ የአምናው ነው» አለኝ። ዓመተ ምሕረቱ አልተጻፈበትም ነበር፤ እኔም አልጠየቅኩም። ጋሼ አልተቆጡኝም። «ምነው፣ አንተ እኮ የተማርክ ነህ» ብቻ አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

የኛ ቀን አቆጣጠር ደግሞ ለዚህ ዓይነት ስሕተት የተመቸ ነው። «2016» የሚል ዜና ሲያጋጥምህ የኛ ነው የፈረንጅ? ሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት አለው! የቆየ ዜና እንደ አዲስ የሚነሣው ብዙ ጊዜ በዚህ ቀዳዳ ነው።

ብቻህን እንዳልሆንክ እንድታውቅ ሁለት ነገር ልጨምርልህ። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ትዊተር ላይ ከተጋሩ የዜና ሊንኮች 59 በመቶው ጨርሶ እንዳልተከፈቱ አገኘ። ርእሱ ታይቶ ነው የሚለቀቀው። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 126,000 ያህል ወሬዎችን ተከታትለው ሐሰተኛው ከእውነተኛው ይልቅ እንደገና የመጋራት ዕድሉ በ70 በመቶ እንደሚበልጥ አሳዩ። ምክንያቱ ሮቦት አይደለም፣ ሰው ነው። በሬ ወለደ ቢባል፣ ላም ወለደች ከሚለው የትኛውን ነው የምታወራው?

ከተሳሳትክ ዝም ብለህ አታጥፋው። «ትናንት የለጠፍኩት የአምና ዜና ነው፣ ይቅርታ» ብለህ ጻፍ። አንድ ቀን ያሳፍራል። በቀጣዩ ግን ሰው ያምንሃል።

የሞት ዜና አይቼ «ነፍስ ይማር» ብዬ ብለጥፍ ምን ክፋት አለው?

ይህን ጥያቄ ሳየው ብዙ ነገር ይመጣብኛል።

ሜሪላንድ የምትኖር ዘመድ አለችኝ። አባቷ አዲስ አበባ ታመው ነበር። አንድ ሌሊት አረፉ። ወንድሞቿ አልደወሉላትም። አለመደወላቸው ግድ ስላልነበራቸው አይደለም። እንደ ወጉ ጓደኞቿን ፈልገው ደወሉ። ሦስት አራት ሆነው ጎህ ሳይቀድ ቤቷ እንዲሄዱ፣ ከሥራ እንዲያስቀሯት፣ አንዷ ውኃ፣ አንዱ ቲኬት እንዲያስብ። መርዶ ሰዓት አለው፣ ነጋሪ አለው፣ ደጋፊ ክንድ አለው። ሰው ብቻውን እንዳይሰማው ነው ይሄ ሁሉ ዝግጅት።

እሷ ግን የዚያን ሌሊት ተረኛ ነበረች። ለዕረፍት ወጥታ፣ የሥራ ቦታዋ ኮሪደር ላይ ቆማ፣ ስልኳን ከፈተች። የሰፈር ልጅ ነው የለጠፈው። አባቷ ጋቢ ለብሰው፣ ከጎን የሻማ ሥዕል። «ነፍስ ይማር ጋሼ።» ስልሳ ምናምን ሰው ኮመንት አድርጎ ነበር። ከሁሉ በኋላ የሰማችው ልጃቸው ናት።

የለጠፈው ልጅ ክፉ አይደለም። አባቷን ይወዳቸው ነበር። ግን መርዶ ነጋሪ ሆነ፣ ሳያውቀው፣ ለማያየው ሰው፣ በሌሊት።

ስለዚህ የእኔ መልስ ይሄ ነው። ቅርብ ቤተሰቡ ራሱ እስኪለጥፍ ጠብቅ። ውጭ ያሉ ልጆች መረዳታቸውን ጠይቅ። ከዚያ በፊት ስም የለም፣ ፎቶ የለም፣ ሻማ የለም። ሰው የሞት ዜና አያጋራም ስንል አንዳንዱ ዝምታ ፍርሃት ሳይሆን ጨዋነት ነው። የአደጋና የግጭት ፎቶም ከዚሁ ይመደባል። አስከሬኑ የአንድ ሰው ልጅ ነው።

እኔ ባጋራም ማንም አያየውም። ፌስቡክ ደብቆት ነው?

በከፊል አዎ። ፌስቡክ በጥር 2018 እ.ኤ.አ. ከዜና ገጾች ይልቅ የጓደኛና የቤተሰብ ፖስት አስቀድሞ እንደሚያሳይ አስታውቋል። ካናዳ ያለህ ከሆነማ ጭራሽ አይሄድልህም። የካናዳ መንግሥት ትልልቆቹ ኩባንያዎች ለዜና እንዲከፍሉ ሕግ ሲያወጣ፣ ሜታ ከነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፌስቡክና ኢንስታግራም ላይ የዜና ሊንክ ዘጋ። ቶሮንቶ ያሉ ወገኖቻችን ስክሪንሾት የሚልኩት ፈርተው ብቻ አይደለም፤ ሊንኩ ስለማይወጣላቸውም ነው። ስክሪንሾት ደግሞ ቀኑንም ምንጩንም ቆርጦ የሚያስቀር ነገር ነው። የተዘጋው መንገድ ዜናም እንደዚያ ነበር የደረሰኝ።

እኛ ጋ ሌላም ምክንያት ነበር። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም.፣ አምስት ወር ያህል፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው ነበር። በቪፒኤን ገብቶ ዜና ለማንበብ እንጂ ለመለጠፍ ብዙ ሰው አልደከመም። ልማድ ደግሞ አንዴ ከተቋረጠ ቶሎ አይመለስም።

ዝም ስል ደግሞ «ለምን ዝም አልክ?» ይሉኛል። ምን ላድርግ?

እውነት ነው፣ ዝምታም ይቆጠራል። «የእኛ ሰው ሲሞት አንድ ቃል አልተነፈሰም» ብሎ ዝርዝር የሚይዝ ሰው አውቃለሁ። ለሁሉም ሐዘን የምትለጥፍ ከሆነ ሥራህ ይሄ ይሆናል። ለአንዱ ለጥፈህ ለሌላው ከዘለልክ ጠብ ነው። እኔ የመረጥኩት ደውሎ መጠየቅ ነው። እዚያ አካባቢ ዘመድ ያለውን ጓደኛዬን «ቤተሰብ ደህና ናቸው?» እለዋለሁ። የሚታዘበኝ ይታዘበኝ።

ሳልፈራ ማጋራት የምችለው ምን ዓይነት ዜና ነው?

ሰው ነገ ጠዋት የሚጠቀምበትን። የውኃ ፈረቃ፣ የክትባት ዘመቻ፣ የፈተና ውጤት መመልከቻ፣ የጠፋ ልጅ። የጠፋ ልጅ ከሆነ ግን ሲገኝ ፖስቱን አንሣ። ከሦስት ዓመት በፊት የተገኘ ልጅ ዛሬም «አፋልጉን» ሲባል አያለሁ።

ከመልቀቅህ በፊት ዓመተ ምሕረቱን እይ። ፎቶውን በጉግል ሌንስ ፈልገው፤ የሌላ አገር ጎርፍ የኛ ሆኖ ስንቴ ዞሯል! ለመስማት የምትጓጓው ዜና ሲሆን ደግሞ በእጥፍ ጠርጥር። ሐሰተኛ ዜናዎችን በአማርኛ ሲያጣሩ የቆዩ እንደ ኢትዮጵያ ቼክና ሀቅቼክ ያሉ ገጾችም አሉ፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

እናቴ የቤተሰብ ግሩፑን በበሬ ወለደ ወሬ ሞላችው። እንዴት ላስቁማት ወይም ላስተዋት?

በግሩፑ ውስጥ «እማዬ፣ ይሄ ውሸት ነው» እንዳትል! የአክስቶችህ ፊት ነው። በግል ደውልላት። እኔም እንደዚያው አደረግኩ። ጋሼን ከጉዞ ያስቀረሁትን ታሪክ ነገርኳት፣ ሳቀችብኝ፣ እሺ አለች። ሁለት ቀን ዝም አለች። በሦስተኛው ቀን ግሩፑ ላይ ዘይት ሊረክስ ነው የሚል ስክሪንሾት ገባ። ላኪዋ እናቴ ናት። ግን ከታች በራሷ እጅ አንድ ቃል ጽፋበታለች፤ «አሉ።»